ለብሎጌ ስም አጥቼ ሶስት ወር ሞላኝ፣ የስራም የግልም ሆኖ የሚያስኬድ ስም ያላችሁ?

ባለትሪፖዱ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ፅፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን የምር ቸገረኝ። ሰርቬየር ነኝ። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ስራዬ ግን ቋሚ ቦታ የለውም፣ ዛሬ ሰንዳፋ ነገ ሰበታ ከነገ ወዲያ ዱከም፣ ከተማው ወደሰፋበት ቶታል ስቴሽኔን (የመሬት መለኪያ መሳሪያዬን) ተሸክሜ መከተል ነው። ማታ ማታ እንቅልፍ ሲያስቸግረኝ ስልኬ ላይ መፃፍ ጀመርኩና አሁን 14 ፅሁፍ ደረሰ። ግማሹ የሙያ ነው፣ አዲስ ለሚመረቁ ልጆች ሌቭሊንግ (የከፍታ ልኬት) እንዴት እንደሚዘጋ፣ ቤንች ማርክ (ከፍታው የታወቀ ምልክት) ተነቅሎ የሰው አጥር ስር ተቀብሮ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ ምናምን። ግማሹ ደግሞ ከሙያ ጋር አይገናኝም፣ እናቴ አለች፣ የጠዋት የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ቼይንማኔ (የሜዳ ረዳቴ) አለ።

እስካሁን ያላወጣሁት ስም ስለሌለው ብቻ ነው፣ አትሳቁብኝ። ለአሰሪ በምልከው ሲቪ ላይ ቢፃፍ የማያሳፍር፣ እናቴም ስትሰማው «ደግሞ ይሄ ምንድነው» የማትለኝ ስም ነው የምፈልገው።

የያዝኳቸው ሶስት ናቸው። ልቤ ያለው «ችካል» ላይ ነው። እኛ ስራ ላይ ዲዛይን የተባለ ነገር ወረቀት ላይ ሲንቀዋለል ከርሞ መጨረሻ የሚያርፈው ችካል ላይ ነው። ቼይንማኔ ፕሪዝሙን (የማነጣጥርበትን መስታወት) ይዞ ስልሳ ሰባ ሜትር ላይ ይቆማል፣ እኔ በመነፅሩ እያየሁ እጄን አወዛውዛለሁ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ እሱ ደግሞ ስምንት አመት አብረን ሰርተን ዛሬም «በማን ግራ?» ብሎ ይጮሃል፣ ፊት ለፊት ስለምንተያይ የኔ ግራ የሱ ቀኝ ነዋ፣ ከዛ ያዝ ስለው ድንጋይ አንስቶ ችካሉን ይመታል፣ አናቱ ላይ ምስማር፣ ቀይ ቀለም ቀባ፣ አለቀ። ሁለተኛው «ዞን 37» ነው፣ ይሄ ለሙያ ሰዎች ነው። ሶስተኛው «ኅዳግ»፣ የገፅ ጠርዝ ማለት ነው፣ እኔም የከተማው ጠርዝ ላይ ነኝ የምፅፈውም የጠርዝ ማስታወሻ ቢጤ ነው ብዬ ነው። በሉ እስኪ።

ሻይ_በስሱ፦
ኅዳግ የሚለውን በሩጫ ሳነበው ኢህአዴግ መስሎኝ ሻዬ ትን አለኝ። ወንድሜ ተው።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ሃሃሃ ሻይ በስሱ አንተ ሰው አትሆንም።

ባለትሪፖዱ፣ ኅዳግ በእውነት ቆንጆ ቃል ነው። እኔ የመጽሐፍ አራሚ ነኝ፣ የግርጌና የኅዳግ ማስታወሻ ስለቅም ነው የምውለው፣ ስለዚህ ሳየው ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ሞክር፣ ለማያውቅህ ሰው ደውልና ስሙን በስልክ አስጽፈው። «የቱ ኅ?» ይልሃል። ብዙኃኑ ነው ትለዋለህ። እሺ ብሎ ሃሌታውን ይጽፋል። ለአፋችን ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ሆነዋል፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው ከነልጆቻቸው። ሰ እና ሠም እንደዛው፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም። እኔ ራሴ ከስድስት ዓመት በፊት «ዐውድ» ብዬ ጀምሬ ነበር፣ በኩራት በዐይኑ ዐ። ሰዉ ሁሉ በአልፋው እየፈለገ ያጣኛል፣ አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ስለ በዓል አከባበር የምጽፍ መስሏት «ለእንቁጣጣሽ ምን አዘጋጀሽ» አለችኝ። ዐውደ ዓመት መስሏት ነው። ስድስት ጽሑፍ ላይ ተውኩት።

ችካል እነዚህ ፊደላት አንዳቸውም የሉበትም። ከዚህ አንጻር ጥሩ ነው።

ሰርቨር_ወረደ፦
እኔ ደግሞ ከቴክኒክ በኩል ልምጣ። አንደኛ ነገር ስሙና አድራሻው አንድ መሆን የለባቸውም፣ ይሄን ሰው ሁሉ ያምታታዋል። ስሙ ገፁ ላይ በትልቁ የሚፃፈው ነው፣ ሲሰለችህ ትቀይረዋለህ ማንም አይከስህም። አድራሻው ዶሜይኑ ነው፣ እሱን ከቀየርክ ግን ሰው ያጋራቸው ሊንኮች በሙሉ ሜዳ ላይ ይቀራሉ፣ የድሮውን ይዘህ ወደ አዲሱ ካላስተላለፍከው በቀር ሪዳይሬክት የሚባለው ማለት ነው፣ እሱም የድሮውን በየአመቱ እየከፈልክ ነው።

ሁለተኛ በግዕዝ ፊደል ዶሜይን እገዛለሁ እንዳትል። ይቻላል፣ ግን ከጀርባ የሚቀመጠው በላቲን ተቀይሮ ነው፣ ኤክስ ኤን ሰረዝ ሰረዝ ብሎ ይጀምርና ድመት ኪቦርድ ላይ የሄደችበት ይመስላል፣ አንዳንድ ቦታ ሊንኩን ስትለጥፈው ያ ነው የሚታየው፣ ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም። ስለዚህ በላቲን መፃፍህ አይቀርም ማለት ነው፣ በላቲን ከሆነ ደግሞ ችካልን እንዴት ነው የምትፅፈው? ከሲ ኤች ቀጥሎ አይ አለ ወይስ ኢ ወይስ ምንም? ሶስት ሰው ጠይቅ ሶስት መልስ ነው። ቀ እና ጠ እና ጨ ያለበት ስም ከሆነማ አታንሳው፣ ቀ በኪው ነው በኬ ስንባባል ነው የምናረጀው።

ሶስተኛ አከፋፈሉ። ካርድ የለኝም ብለህ ውጪ ላለ ዘመድ አስገዛልኝ ብለህ እንዳትተወው። እኔ ያደረግኩት እሱን ነው፣ የአክስቴ ልጅ በራሱ ኢሜይል ገዛልኝ፣ በአመቱ የማሳሰቢያው ኢሜይል ለሱ ነው የሚሄደው፣ እሱ ደግሞ ስራ ቀይሮ ሃገር ቀይሮ ሚስት አግብቶ የኔን ዶሜይን ያስታውሳል? አለፈ። አሁን በስሜ ብትገባ የቁማር ማስታወቂያ ነው። በስሜ ያልኩት ቃል በቃል ነው፣ የኔና የአባቴ ስም ነበር። አባቴ ቆሞስ ናቸው።

ሻይ_በስሱ፦
ሰርቨር ወረደ ይሄን ሳልስቅ ማለፍ አልቻልኩም ይቅርታ

ሜትር_በሜትር፦
የሙያ ጓደኛ! እኔም ሰርቬየር ነኝ፣ ገላን አካባቢ። ድምፄ ለዞን 37 ነው። ለማያውቁት ላስረዳ፣ ምድርን በሎንግቲውድ 60 ቦታ እንከፍላታለን እያንዳንዱ 6 ዲግሪ ነው፣ 37ኛው ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምስራቅ ያለው ነው፣ አዲስ አበባ እዛ ውስጥ ናት፣ ጋምቤላ ከተማ ስትሄድ 36 ውስጥ ነህ፣ ጅጅጋ ደግሞ 38። ጂፒኤስ ስትከፍት መጀመሪያ የምትሞላው እሱን ነው፣ ተሳስተህ ከሞላኸው ነጥብህ ሌላ ሃገር ሄዶ ቁጭ ይላል። ስለዚህ «የት ነው ያለነው» ለሚለው መልስ ነው።

ካልሆነ «አዲንዳን» በለው። የኛ የካርታ ስሌት የተመሰረተበት ነጥብ ስም ነው፣ በግብፅና ሱዳን ድንበር አባይ ዳር የነበረ የኑቢያ መንደር፣ የአስዋን ግድብ ሲሰራ ውሃ ዋጠው ሰዉም ተነሳ። በየቀኑ የምንለካው ውሃ ስር ካለ መንደር ተነስተን ነው። ይሄን ሳስበው ሁሌ የሆነ ነገር ይለኛል፣ ግን ብሎግ የሚፅፈው እኔ አይደለሁም።

ኮዬ_ሜዳ፦
ዞን ሲባል እኔ ትዝ ያለኝ ዞን ዘጠኝ የሚባለው የብሎገሮች ቡድን ነው። ለማታስታውሱት ልጆች፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስምንት ዞን ነበረው፣ እነሱ ዘጠነኛው ከግቢው ውጪ ያለነው እኛ ነን ብለው ነው ስሙን ያወጡት፣ በ2004 ጀመሩ በ2006 ታሰሩ። ያ ስም ሳያብራሩልህ ይገባሃል፣ ከገባህ ደግሞ አትረሳውም። «ጦማሪ» የሚለው ቃልም በነሱ ጊዜ ነው ከሰው ሁሉ አፍ የገባው። አሁን አንተ ከቃሊቲ ትንሽ አለፍ ብለህ ተቀምጠህ ዞን 37 ብትል ሰው ፖለቲካ ነው ብሎ ነው የሚገባው፣ ገብቶ ደግሞ ሌቭሊንግ ሲያገኝ ተናዶ ይወጣል። ፖለቲካ የማይወደው ደግሞ ሳይገባ ይቀራል። በሁለቱም ከሰርክ። ደግሞ ዛሬ ዞን ሲባል ሰው የሚጠይቅህ «ከየትኛው ዞን ነህ» ነው፣ እሱ ውስጥ አትግባ።

ሜትር_በሜትር፦
ኮዬ ሜዳ ልክ ነህ አላሰብኩትም። ሰርቬየር ሲያስብ እንዲህ ነው፣ ኮኦርዲኔት ብቻ።

የአባዶዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሌላው ይቅር ስለ ችካል ልናገር።

እኔ አሁን የካ አባዶ ነው የምኖረው፣ ያደግኩት ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ነው፣ ስሙን አልጠራም። አንድ ቀን ጠዋት ሶስት ሰዎች ባለሶስት እግሩን ተሸክመው መጡ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር፣ ወጥታ «ምንድነው ልጆቼ» አለቻቸው፣ አንደኛው የውሃ መስመር ነው አላት። ደስ አላት፣ ቡና ላፍላላችሁ ሁሉ ብላለች። ችካሉን ማድቤቱ ጥግ ተከሉት። አናቱ ቀይ። ወንድሜ ትንሽ ነበር በጉን እሱ ላይ ያስራት ነበር። ሶስት ወር ሳይሞላ ግድግዳችን ላይ ቀይ ኤክስ ተቀባ። የቀረውን አልፅፈውም።

አንተን አይደለም የምወቅሰው ወንድሜ፣ እንጀራህ ነው። ስሙም ቆንጆ ነው። ግን እኔ ችካል የሚል ነገር ስልኬ ላይ ባይ አልከፍተውም። እኛ ዳር ዳሩን ያለን ሰዎች ብዙዎቻችን አንከፍተውም። አንተ ስታየው የስራ መጨረሻ ነው፣ እኛ ስናየው መጀመሪያ ነው።

ባለትሪፖዱ፦
ይሄን ካነበብኩ ሁለት ሰዓት ሆነኝ፣ ምን ብዬ እንደምመልስ አጣሁ።

እኔም ያንን ሰውዬ ሆኜ አውቃለሁ። የት እንደሆነ ይቅር። የመንገድ መሃል መስመር እያወጣን ነበር፣ አንዲት እናት ከቤት ወጡና በጣሳ አሬራ ሰጡን፣ ቆመው ስንሰራ አዩ አዩና «ልጄ፣ ከኔ ስንት ሜትር ነው የሚወስደው» አሉኝ። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ነው ያለው። «እማማ እኔ ለኪ ነኝ እንጂ ወሳኝ አይደለሁም» አልኳቸው። እሳቸውም «እሱማ ልክ ነው» ብለው ጣሳውን ይዘው ገቡ። 14ቱ ፅሁፍ ውስጥ ይሄ የለም። ሞክሬው ሞክሬው ትቼዋለሁ።

ችካል ቀርቷል። አመሰግናለሁ እህቴ፣ የምሬን ነው።

ፊደል_ቆጣሪ፦
የአባዶዋ አይዞሽ እናቴ።

ብራንዲንግ_ብቻ፦
ስሜት ውስጥ ሳንገባ ከቢዝነስ አንፃር ካያችሁት ዋናው ስህተት ሁለቱን ማቀላቀሉ ነው። ሁለት ገፅ ክፈት። አንዱ የሙያ፣ ስሙ ቁጥብ ያለ፣ ምናምን ሰርቬይንግ ኮንሰልት ብለህ፣ ሎጎ፣ የሰራሃቸው ፕሮጀክቶች ፎቶ። ሌላው የግልህ እዛ እንደፈለግህ ሁን። ደንበኛ የሚፈልገው ስራ ነው እንጂ ስለ እናትህ ሽሮ ማንበብ አይደለም፣ ይሄ ሃቅ ነው።

ሲሚንቶ_ተወደደ፦
ደንበኛ እኔ ነኝ፣ ኮንትራክተር ነኝ፣ ላስረዳህ ወንድሜ። ሰርቬየር ስቀጥር ሲቪ ላይ ሁሉም ቶታል ስቴሽን እችላለሁ፣ ሲቪል ስሪዲ የሚባለውን የዲዛይን ሶፍትዌር እችላለሁ ይላል፣ ልዩነቱን አላየውም። እኔን ጉድ የሰራኝ ሰርቬየር ስራ የማይችል አልነበረም፣ የሚዋሽ ነው። ቤንች ማርኩ መነካቱን እያወቀ ዝም ብሎ ሰርቶ መሰረቱ 18 ሳንቲ ወርዶ ተገኘ፣ አፍርሰን እንደገና። ከላይ ስለ አሬራው የፃፈውን ሳነብ ይሄ ሰው ቢሳሳት ይነግረኛል ብያለሁ። እኔ በዛ ነው የምቀጥረው። ሎጎውን ለራስህ።

ብራንዲንግ_ብቻ፦
ኦኬ ይሄ አንድ ሰው ነው፣ ማርኬት አይደለም። ግን እሺ።

ጡረተኛው_መምህር፦
ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ከጠዋት ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። ታሪክ ሳስተምር ነው የኖርኩት፣ አሁን ሰበታ ጓሮዬን እየኮተኮትኩ ነው። ስለ ስም ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም።

ይህ «የሥራና የግል» የምትሉት ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። አንድ ሰው ስንት ስም አለው? ትምህርት ቤት የሚጠራበት የመዝገብ ስም፣ እናቱ የምትጠራው የቤት ስም፣ ቄሱ የሚያውቁት የክርስትና ስም። ጦረኛ ከሆነ ደግሞ የፈረስ ስም ይጨመርለታል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል። እነዚህ ስሞች ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ነው የሚናገሩት እንጂ ማን እንደሆነ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዱ ከባለቤቱ አልፎ ይሄዳል። የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር፣ እርሳቸው ካረፉ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ኮርያ የዘመተው ጦር ቃኘው ተባለ። የጅማው አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው፣ ዛሬ በሌላ ስማቸው ብትጠራቸው ማን ያውቃቸዋል?

ለጽሑፍም ቢሆን እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ በ1890ዎቹ ሲወጣ በእጅ እየተጻፈ በጥቂት ቅጂ ነበር የሚበተነው፣ ስሙን «አእምሮ» ያሉት ራሳቸው ምኒልክ ናቸው ይባላል። በ1933 ጣልያን እንደወጣ የተጀመረው ደግሞ «አዲስ ዘመን» ተባለ። አንዱ ጋዜጣው ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ ይናገራል፣ ሌላው መቼ እንደተወለደ። አንተም ልጄ የትኛውን መናገር እንደምትፈልግ መጀመሪያ ወስን። ቦታውን ከሆነ ደግሞ ሰፈርህ ስም አለው፣ ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ነው። በኦሮምኛ። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ስንቱ ትርጉሙን ያውቃል?

ባለትሪፖዱ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እውነቴን ነው የምልዎት ስምንት አመት ኖሬበት ትርጉሙን ያወቅኩት ባለፈው አመት ነው፣ የነገረኝም ቼይንማኔ ነው፣ እሱ እዛው አካባቢ ነው የተወለደው። ቀይ ኮረብታ አሰብኩበት፣ ግን እኔ መጤ ነኝ፣ የኮረብታውን ስም ወስጄ የኔ ገፅ ብዬ ብለጥፈው ይከብደኛል።

ሻይ_በስሱ፦
በፈረስ ስም ከሆነ እኔ አለኝ። አባ ትሪፖድ። ፈረሱም ሶስት እግር።

ሰርቨር_ወረደ፦
ጋሼ ያሉት ነገር ሳያውቁት የኔን ነጥብ ነው የደገፉልኝ። የመዝገብ ስም አድራሻው ነው፣ የፈረስ ስም ርዕሱ ነው። ባለትሪፖዱ፣ ዶሜይኑን በራስህና በአባትህ ስም ግዛ፣ ሲቪህ ላይ የሚፃፈው እሱ ነው፣ ስራም ቀየርክ ሰፈርም ለቀቅህ አይቀየርም። ስምህ የብዙ ሰው ከሆነና ከተያዘ የአያትህን ጨምርበት። በራስህ ኢሜይል! ርዕሱን ደግሞ ሆድህ የፈቀደውን በለው።

ባለትሪፖዱ፦
ይሄ በጣም ገላገለኝ። አሁን ርዕሱ ብቻ ቀረ ማለት ነው፣ ማለትም ያው ዜሮ ላይ ነኝ ሃሃ። «ቀያሽ» ቢባልስ? የሙያው አማርኛ ስም ነው።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ቀያሽ ድምፁ ደስ ይላል፣ ግን ሴራ ቀያሽም አለ። ሰርቨር ወረደ ደግሞ ስለ ቀ ያለውን አስታውስ።

የአባዶዋ፦
እኔ መጀመሪያ የፃፍከውን ተመልሼ አነበብኩት። ቼይንማንህ «በማን ግራ» ይላል ያልከውን። እሱን ለምን አትለውም?

ባለትሪፖዱ፦
የቱን?

የአባዶዋ፦
በማን ግራ። አንተ ወዲያ ሆነህ ወደ ግራ ስትል ወዲህ ያለው ሰው ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። እናቴም ያኔ ያልጠየቀችው እሱን ነው።

ሜትር_በሜትር፦
ኡኡኡ! ይሄ እኮ ፊልድ ላይ በቀን መቶ ጊዜ የምንሰማው ነው። የኔው ቼይንማን «ያንተ ነው የኔ?» ነው የሚለው። ማንኛውም ሰርቬየር ርዕሱን ሲያይ ሳቁ ይመጣል፣ ያልሆነው ሰው ደግሞ ምን ማለት ነው ብሎ ይገባል። ዞን 37ን በገዛ ፈቃዴ አንስቻለሁ።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ቆይ ልፈትሸው። በ፣ ማ፣ ን፣ ግ፣ ራ። መንታ ፊደል የለበትም! በስልክ ብትለው ማንም አይስትም። በላቲንም ቢሆን አያጣላም። ሞክሼ ፊደል የሌለበት ባለሁለት ቃል ስም ማግኘት ቀላል እንዳይመስልህ፣ እኔ ስድስት ዓመት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ኮዬ_ሜዳ፦
ግራ ሲባል ግን ግራ ዘመም ቀኝ ዘመም አይሆንም? እያልኩ ነው እንጂ ስሙ ተመችቶኛል።

ጡረተኛው_መምህር፦
በእኛ ጊዜ ግራም ብትል ቀኝም ብትል ያስጠይቅ ነበር፣ ልጄ። ዛሬ ግን ግራ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ግራ መጋባትን ነው። እርሱ ደግሞ የሁላችንም ነው። እኔ ወድጄዋለሁ። ሰሙ የሜዳ ሥራ ነው፣ ወርቁን አንባቢ ይፈልገው።

ብራንዲንግ_ብቻ፦
ጥሩ ሁክ አለው። አምኛለሁ። የጥያቄ ምልክት ግን አታድርግበት ሎጎ ላይ ያስቸግራል።

ሻይ_በስሱ፦
ሎጎ ሎጎ። ይሄ ሰው ሲወለድም ሎጎ ነበረው።

ባለትሪፖዱ፦
ትላንት ማታ ስታወሩ መልስ ያልሰጠሁት ለቼይንማኔ ልደውልለት ፈልጌ ነው። የሱ ቃል ነው፣ ሳልጠይቀው አልወስድም። ደወልኩ፣ አስረዳሁት፣ ብሎግ ምን እንደሆነ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ «እና ሰው ያነበዋል?» አለኝ። ምናልባት አልኩት። «ታዲያ በማን ግራ እንደሆነ እዛ ላይ ፃፍልኝ፣ ስምንት አመት ሙሉ አልነገርከኝም እኮ» ብሎ ሳቀ። ፈቅዷል፣ ሁለት ኪሎ ስኳር ይገባኛል ብሏል።

እናቴን ደግሞ ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ጠየቅኳት። «ግራ የገባው ሰው ይመስላል» አለች። ትንሽ ቆይታ ሻይ እየቀዳች «ደግሞስ ግራ አልገባህም እንዴ» አለችኝ። እንግዲህ «ምንድነው» አላለችም፣ ይሄን እንደ አዎ ወስጄዋለሁ።

ዶሜይኑ በኔና በአባቴ ስም ነው፣ ተይዞ ስለነበር አያቴም ገብተዋል፣ በራሴ ኢሜይል፣ የማደሻው ቀን ግድግዳ ካሌንደር ላይ በቀይ ተከቧል። ካርድ ያለው የስራ ባልደረባ አግኝቼ ብሩን በእጁ ሰጠሁት።

የአባዶዋ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ስለ እማማ አሬራ ነው። ሌሊት ጨረስኩት። ከመለጠፌ በፊት አንቺ ብታነቢልኝ ደስ ይለኛል፣ በኢንቦክስ ልኬልሻለሁ፣ ካልተመቸሽ ዝም በይው ምንም አይደለም።

የአባዶዋ፦
አነበብኩት። የጣሳው ቦታ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ለጥፈው።

ሲሚንቶ_ተወደደ፦
ሊንኩን እዚህ አድርገው። ደግሞ ሰንዳፋ መስመር ከጥቅምት በኋላ ስራ አለኝ፣ ስልክህን በኢንቦክስ።

ፊደል_ቆጣሪ፦
አየሁት፣ ሦስቴ አነበብኩት፣ በጣም ቆንጆ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ «ችካል»ን አንዴ «ቺካል» አንዴ «ችካል» ብለሃል። ሁለተኛው መስመር ላይ ደግሞ «ሰአት»።

ባለትሪፖዱ፦
አስተካከልኩ። ሰዓት በየትኛው ነበር፣ በዐይኑ?

ፊደል_ቆጣሪ፦
በዐይኑ።